ሚካኤል፦ ጥያቄ የሆነ ስም

«ሚካኤል» የዕብራይስጥ ስም ነው። ሦስት ቃላት ተጋጥመው የሠሩት ሲሆን እያንዳንዱን ነጥሎ ማየት አያስቸግርም፤ «ሚ» ማን ማለት ነው፣ «ካ» እንደ፣ «ኤል» ደግሞ አምላክ። አንድ ላይ ሲነበቡ «እንደ አምላክ ያለ ማን ነው?» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። በጥያቄ ይጀምር እንጂ መልስ የሚጠብቅ ስም አይደለም። መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ተነግሯል፤ ማንም የለም።

አማርኛም ስም በጥያቄ ያወጣል። ማንደፍሮ፣ ማንያዘዋል፣ ማናለብህ፣ ማንያህልሃል የሚባሉት ስሞች አሠራራቸው ከዕብራይስጡ ጋር በጣም ይቀራረባል። ልዩነቱ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ማንያህልሃል የተባለ ልጅ ስሙ በተጠራ ቁጥር የሚሞገሰው እሱ ራሱ ነው፤ አቻ የለህም ተብሏልና። ሚካኤል የተባለው ግን ስለ ራሱ የተነገረለት ነገር የለም። ስሙ የሚመሰክረው ለፈጣሪ ነው፤ ባለስሙ የምስክርነቱ ተሸካሚ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይምሰል እንጂ ስሙ በኋላ ለነገሥታትና ለመኳንንት ሲሰጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ቁልፉ እሱ ነው።

ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ስሙ ባዕድ አይሆንበትም። የዕብራይስጡን «ሚ» የሥራ ድርሻ በግእዝ የያዘው «መኑ» ነው፤ ግእዝ ራሱም «ሚ መጠን» ሲል የሚገለገልበት «ሚ» የሚባል መጠይቅ አለው። «ካ» ከግእዙ «ከመ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ ዕብራይስጡም አንዳንዴ ረዘም አድርጎ «ከሞ» ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስሙን «መኑ ከመ አምላክ» ብለው ሲፈቱት የሩቅ ቋንቋ እየተረጐሙ ሳይሆን ዘመዱን በዘመዱ እየተኩ ነው። ከሦስቱ ለግእዝ እንግዳ የሆነው «ኤል» ብቻ ነው። እሱ በጥንቱ የሴም ሕዝቦች ዘንድ ለአምላክ የተሰጠ የጋራ መጠሪያ ነበር፤ በሶርያ ጠረፍ በነበረችው በኡጋሪት ከተማ የተገኙት ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ጽሑፎች ኤልን የአማልክት ሁሉ አባት አድርገው ይጠሩታል። እስራኤላውያን ቃሉን ለአንዱ አምላካቸው አዋሉት፤ ከዚያም በልጆቻቸው ስም ላይ በመነሻም በመድረሻም ተከሉት።

ዕብራውያን ስም ሲያወጡ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አጭር ዐረፍተ ነገር ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሥራቸው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሳይፈታ የሚሰማ አለ። እስማኤል የተሠራው «ይስማዕ» ከሚለውና ከ«ኤል» ነው፤ «ይስማዕ» የሚለው ግሥ በዕብራይስጥም በግእዝም መስማት ስለሆነ አጋር በምድረ በዳ በመከራዋ መሰማቷን ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰላትያል «ከአምላክ ለመንሁት» ማለት ሲሆን ግእዙ «ሰአለ» የሚለው ግሥ በውስጡ አለ። ዳንኤል ፍርድን ያነሣል፤ ከግእዙ «ደይን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሩፋኤል አምላክ ፈወሰ፣ ናትናኤል አምላክ ሰጠ፣ አማኑኤል አምላክ ከእኛ ጋር ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የሆነን ወይም የሚሆንን ነገር ይናገራሉ። ጥያቄ የሚያነሡት ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹ ደግሞ ሚካኤልና ዘመዶቹ ዋነኞቹ ናቸው።

ከዘመዶቹ የቅርቡ ሚክያስ ነው። «ሚካያሁ» ከሚለው የመጣ ሲሆን «ኤል» በነበረበት ቦታ «ያህ» የሚለውን የእግዚአብሔር መጠሪያ አስገብቶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ነቢዩ ሚክያስ መጽሐፉን ሲዘጋ ኃጢአትን ይቅር የሚል እንደ አንተ ያለ አምላክ ማን ነው እያለ ይጸልያል፤ በራሱ ስም ትርጉም ትንቢቱን መፈጸሙ ነው። የሳኦል ልጅ፣ የዳዊት ሚስት ሜልኮልም በዕብራይስጡ «ሚካል» ትባላለች፤ ብዙ ሊቃውንት ስሟን ከሚካኤል ያጠረ አድርገው ይወስዱታል። ስሙ በእስራኤል ብቻ የተወሰነ ዘይቤም አልነበረም። አሦራውያን «እንደ አዳድ ያለ ማን ነው»፣ «እንደ አሦር ያለ ማን ነው» የሚል ትርጉም ያላቸውን ስሞች ለልጆቻቸው ያወጡ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ በልጁ ስም ለአምላኩ ይከራከር ነበር ማለት ይቻላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሚካኤል ሲባል ሁሉም ወዲያው የሚያስበው መልአኩን ነው። ስሙ መጀመሪያ የሚገኘው ግን በሰው ላይ ነው፤ ያውም ማንም በማያስታውሰው ሰው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ሙሴ ምድረ ከነዓንን እንዲሰልሉ ከየነገዱ አንድ አንድ ሰው ሲልክ ከአሴር ነገድ የተመረጠው ሰቱር የሚባል ሰው ነው፤ የአባቱም ስም ሚካኤል ነው። ስለዚህ አባት ከስሙ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። በዜና መዋዕልና በዕዝራ መጻሕፍትም ሌሎች ሚካኤሎች አሉ፤ አንዱ የንጉሥ ኢዮሣፍጥ ልጅ ነው፣ ሌላው ከምርኮ የተመለሰ ሰው አባት። በጠቅላላው በብሉይ ኪዳን በዚህ ስም የሚጠሩት ሰዎች አሥር ያህል ይሆናሉ። ለዚያ ዘመን ሰው ሚካኤል የመልአክ ሳይሆን የጎረቤት ስም ነበር።

መልአኩ በስሙ የሚገለጠው ዘግይቶ በትንቢተ ዳንኤል ነው። እዚያ በምዕራፍ 10 እና 12 ሚካኤል ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ፣ ስለ ሕዝቡ የሚቆመው ታላቁ አለቃ ተብሎ ይነገርለታል። ከዚያ በፊት መላእክት ለአብርሃም፣ ለያዕቆብ፣ ለጌዴዎን ሲገለጡ ስማቸውን አልተናገሩም፤ ማኑሄ የሶምሶን አባት ስምህ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ እንኳ መልስ አላገኘም። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን አስተውለው በኢየሩሳሌም ታልሙድ የመላእክት ስም ከባቢሎን ከተመላሾቹ ጋር እንደመጣ ጽፈዋል። በአዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር፣ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ደግሞ ከዘንዶው ጋር ሲዋጋ ያሳዩታል። በነቢዩ ኢሳይያስ በልዑል እመሰላለሁ ብሎ ያሰበው የወደቀው ኮከብ ሲታሰብ ደግሞ ውጊያው ከስሙ ጋር ይገጥማል፤ እመሰላለሁ ላለው «ማን ይመስለዋል?» የሚል ስም ያለው ወጣበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሌላው ዓለም የሌለው ሀብት አላት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 40 ሚካኤል ከአራቱ ታላላቅ መላእክት የመጀመሪያው ሲሆን መለያው ሰይፍ አይደለም፤ መሐሪና ታጋሽ መሆኑ ነው። በምዕራቡ ዓለም ሥዕሎች ሚካኤል ከሁሉ በፊት ተዋጊ ነው። በኢትዮጵያ ሥዕልም ሰይፉን መዝዞ ይታያል፤ ሰው ሲጨነቅ የሚጠራው ግን ርኅሩኁን፣ አማላጁን ሚካኤል ነው። «ሚካኤል ይድረስልህ» የሚባለው በክንፉ ይጋርድህ ለማለት ነው። ይህ ከሄኖክ መጽሐፍ ሚካኤል ጋር ይገጥማል።

ስሙ ከዕብራይስጥ ወደ ግእዝ የመጣበት መንገድ በግሪክ በኩል ነው። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ በዋናነት ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ተመለሰ። ይሁንና ፊደሉ ዕድለኛ ሆኖ የስሙን ስፌት አልሸፈነውም። ሚ፣ ካ፣ ኤል ተብሎ ሲጻፍ ሦስቱም የዕብራይስጥ ቃላት ተለይተው ይታያሉ፤ «ኤ» ራሱን የቻለ ፊደል ሆኖ ቆሟልና። እንግሊዙ ማይክል፣ ፈረንሳዩ ሚሼል፣ ስፔኑ ሚጌል ሲሉ መጋጠሚያው ጠፍቷል። ዐረብኛ በአንድ በኩል ሚካኢል ሲል በሌላ በኩል አጥፎ ሚካል ይላል፤ በቁርኣን ሁለተኛው ምዕራፍ በሱረቱል በቀራ ከጅብሪል ቀጥሎ የተጠራው በብዙ ሰው አነባብ በዚህ በአጭሩ ነው።

ስሙ በኢትዮጵያ ምን ዓይነት ሕይወት እንዳገኘ ለማየት ምዕራብ ወሎ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ በአቀስታ በኩል የሚሄደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሳይወርድ በፊት መካነ ሰላም ላይ ያደርሳል። የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ወግዲ፣ ደብረ ሲና፣ ከለላ፣ ለጋምቦና አማራ ሳይንት አሉ። የቦታዎቹ ስም ራሱ ተደራራቢ ታሪክ ይናገራል። ሰላም ከዕብራይስጡ «ሻሎም» ጋር ያው ቃል ነው፤ ደብረ ሲና ሙሴ ሕግ የተቀበለበትን ተራራ ደጋው ላይ ያቆማል፤ ቦረና የኦሮሞ ስም ነው፤ ከሰሜንና ከምሥራቅ ያሉት ወረ ሂመኖና ወረ ኢሉም እንዲሁ። በዚህ አገር የቅዱሳት መጻሕፍት ስም ሲጠና የቆየው በገዳም ነው። በቦረና በኩል ያለው የጋስጫ ገዳም የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ቦታ ነው፤ «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ትልቅ የነገረ ሃይማኖት መጽሐፍ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፉ ሊቅ ናቸው። የአባታቸው ስም ሕዝበ ጽዮን ነበር፤ ሕዝቡ በግእዝ፣ ጽዮኗ በዕብራይስጥ። በአማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ደግሞ በትውፊት የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው አራት ቦታዎች አንዷ ናት፤ ሦስቱ አክሱም ጽዮን፣ ጣና ቂርቆስና ከዓባይ ማዶ ያለችው መርጡለ ማርያም ናቸው። እንዲህ ያለ ትውፊት ባለበት አገር የዕብራይስጥ ስም ከውጭ እንደመጣ ዕቃ አይታይም።

ወሎ ግን ሌላም መጽሐፍ፣ ቁርኣን፣ የሚነበብበት አገር ነው። ከእነዚያው የእስራኤል አባቶችና ነቢያት ስም ሁለት ሁለት ዓይነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አብርሃም ኢብራሂም፣ ያዕቆብ ያዕቁብ፣ ዮሴፍ ዩሱፍ፣ ሙሴ ሙሳ፣ ዳዊት ዳውድ፣ ሰሎሞን ሱሌማን፣ ኤልያስ ኢልያስ ይሆናል። በወሎ በየመንደሩ የሚሰማው እንድሪስ እንኳ የቁርኣኑ ኢድሪስ ነው፤ ብዙ የእስልምና ተርጓሚዎች ከሄኖክ ጋር አንድ ያደርጉታል። የአያቱን ስም ሲቆጥር አንድ ሰው ከገብረ ሚካኤል ተነሥቶ አሊ ላይ ቢደርስ፣ ወይም ከአህመድ ተነሥቶ ወልደ ማርያም ላይ ቢደርስ ለወሎ ሰው ወሬ አይሆንም።

ይህ መደራረብ ሁልጊዜ በፈቃድ የሆነ አልነበረም፤ የሚካኤል ስም በወሎ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የወጣበት ጊዜም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው መጀመሪያ በክርስቲያኖቹ መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረውን የልደትና የጸጋ ክርክር ቆረጠ፤ ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም ገዦች እንዲጠመቁ ተወሰነ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ስማቸውም ሚካኤል ተባለ፤ የራስነት ማዕርግም ተጨመረላቸው። በ20ዎቹ መጨረሻ ላይ የነበሩ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ለታሪክ ራስ ሚካኤል ናቸው። ትእዛዙ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ብዙ መከራ አስከተለ። እምነቱን ላለመልቀቅ የተሰደደ ብዙ ነው፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዓሊሞች መርተውት የተዋጋም አለ። ስለ ስሙ የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ ይህን መዝለል የለበትም፤ የስም ለውጡ ለብዙዎች በሰይፍ ጥላ ሥር የሆነ ነበርና።

ስሙን የተሸከሙት ሰው ግን የወሎን ታሪክ ለ40 ዓመት ያህል መሩ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ በ1887 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተወለደላቸውና ኢያሱ ተባለ። ደሴን መናገሻ አደረጉ። በግንቦት 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሕዝቡ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይላቸዋል። የእሳቸው ልጅ ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ስለዚህ በቦሩ ሜዳ የተሰጠው ስም በአባት ስምነት ወደ ቤተ መንግሥት ዘለቀ።

አባትና ልጅ፣ ሚካኤልና ኢያሱ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንጻር ሲታዩ የስማቸው አገጣጠም ያስደንቃል። ከላይ የተነሣው ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 የሰቱርን አባት ሚካኤልን የጠራበት ዝርዝር ሳይጨርስ፣ አውሴ የሚባለውን የነዌን ልጅ ሙሴ ስሙን ለውጦ ኢያሱ እንዳለው ይናገራል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ ያው ገጽ ደግሞ ሰው በአለቃው ፈቃድ ስሙ የሚለወጥበት ነው። ኢያሱ «እግዚአብሔር ያድናል» ማለት ነው፤ በግሪክ ዞሮ ሲመጣ ኢየሱስ የሆነው ይኸው ስም ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፉን መዝዞ ለኢያሱ የተገለጠው የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ የኅዳር 12 በዓል ይህንንም ያስባል። አባት ለልጁ ሰይፍ መዝዞ የቆመበት ታሪክ በወሎም ደረሰ። ከአያታቸው ከምኒልክ በኋላ አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ከዚያ በኋላ በግዞት አረፉ። ማንም እንደ አምላክ አይደለም የሚል ስም ለንጉሥ ሲሰጥ ከማዕረግ ይልቅ ማሳሰቢያ ይሆናል፤ የንጉሥ ሚካኤልን ዘውድና ሰገሌን አጠጋግቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ፍርድ ከባድ አይመስልም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ሚካኤል የነገሥታት ሳይሆን የወሩ 12ኛ ቀን ስም ነው። በመካነ ሰላም አካባቢ እንደ ሌላው የአማራ ደጋ ሁሉ የሚካኤል ማኅበር በየወሩ በ12 በአባላቱ ቤት በተራ ይወጣል። ባለተራዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ ትጠብቃለች፤ ካህኑ ጽዋውን ባርኮ ያስጀምራል፤ ሲበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። የማኅበሩ አስተባባሪ መጠሪያው «ሙሴ» ነው። ሕዝቡን የመራው ነቢይ ስም እዚህ የሥራ መደብ ሆኗል፤ ሙሴ ሆኖ የተመረጠው ሰው ስሙ ማንም ይሁን በማኅበሩ ላይ ሙሴ ነው። የዕብራይስጥ ስም በአማርኛ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዓመቱ በዓላት ሁለቱ ትልልቆቹ የኅዳርና የሰኔ ሚካኤል ናቸው። የሰኔው 12 ለምዕራብ ወሎ ደጋ ልዩ ትርጉም አለው። ዕለቱ ክረምቱ የሚገባበት፣ በደጋው ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ወቅት ላይ ይውላል። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚሁ ቀን ቅዱስ ሚካኤል የዓባይ ውሃ እንዲሞላ ይማልዳል ተብሎ ይታመናል፤ ግብፃውያን ቀድሞ የዋዜማውን ምሽት የጠብታ ሌሊት ይሉት ነበር፤ ከሰማይ የሚወርድ አንድ ጠብታ ወንዙን ያስነሣዋል ብለው ያምኑ ነበርና። ያ የሚለመነው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። በወግዲና በቦረና ጫፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ሸለቆውን ከታች ያገኘዋል፤ በሰኔ በዚያ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በየገደሉ ወርዶ ወደዚያው ይገባል። በአንድ ቀን፣ በአንድ መልአክ ስም፣ በወንዙ ራስና በወንዙ እግር ያሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ያከብራሉ።

በእስልምና ትምህርትም ሚካኢል የዝናብና የዕፅዋት ጉዳይ የተሰጠው መልአክ ነው። ጅብሪል ወሕይ፣ ማለትም የአምላክን መልእክት፣ ያወርዳል፤ ሚካኢል ዝናብ። ስለዚህ ሰማዩ ሲዘገይ ሼሁ ዱዓ ሲያደርግና ቄሱ ምሕላ ሲይዝ፣ በሁለቱም መጽሐፍ ትምህርት ዝናቡን በፈጣሪ ትእዛዝ የሚያመጣው ወይም የሚለምነው መልአክ አንድ ስም አለው፤ ስሙም በዕብራይስጥ አምላክን የሚያህል የለም ይላል። የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች የተለያየ ጸሎት ይጸልዩ እንጂ በዚህ ስም ትርጉም የሚለያዩበት ነገር የለም።

ስሙ ለልጅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በክርስትና ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ስም ይሰጣል፤ በ12 የተወለደ ልጅ፣ ወይም እናቱ ምጥ ላይ ሚካኤልን የተሳለችበት፣ ከዚህ ስም አይርቅም። ብቻውን ሚካኤል ተብሎ ከሚጠራው ይልቅ በቅጽል የሚጠራው ይበዛል፤ ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ሣህለ ሚካኤል፣ ለሴት ወለተ ሚካኤል። የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የክርስትና ስም ወለተ ሚካኤል ነበር። አገር የሚጠራበት ስም ሌላ ሲሆን የክርስትናው ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ይቀመጣል፤ ጎረቤት ሳያውቀው የሚኖርና ሰውየው ሲሞት ብቻ የሚሰማ ብዙ ወልደ ሚካኤል አለ። እንዲህ ያለው ጥምር ስም አሠራሩ ልብ ይባላል፤ ግማሹ የግእዝ ስም ነው፣ ግማሹ ሙሉ የዕብራይስጥ ዐረፍተ ነገር። አንዱ አገልጋይ ወይም ልጅ ብሎ ዝቅ ይላል፣ ሌላው እንደ አምላክ ያለ ማን ነው ብሎ ከፍ ያደርጋል።

ወደ ውጭ አገር በሚወጡ ኢትዮጵያውያን ወረቀት ላይ ይህ ጥምር አንዳንዴ ይከፈላል። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሲጻፉ ገብረ የራስ ስም፣ ሚካኤል የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገብና አገልጋዩ ከሚያገለግለው ይለያል። ብዙዎች ይህን ለማስቀረት ገብረሚካኤል ብለው አንድ ላይ ያያይዙታል፤ ደግ አድርገዋል፤ «ገብረ» ብቻውን የማን አገልጋይ እንደሆነ ሳይናገር የሚቀር ጎዶሎ ቃል ነውና።

በቤትና በጎዳና ስሙ ሚኪ ይሆናል። ይህ የዘመኑ ልጆች ያመጡት አይደለም፤ ስም ማሳጠር እንደ ስሙ ያረጀ ልማድ ነው። ዕብራውያንም ሚካኤልንና ሚካያሁን አሳጥረው «ሚካ» ይሉ ነበር። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 17 በቤቱ ጣዖት ያቆመው የኤፍሬም ተራራ ሰው በዚህ ስም ይጠራል፤ የዮናታን የልጅ ልጅ፣ የሜምፊቦስቴ ትንሹ ልጅም እንዲሁ። ሲያጥር የሚወድቀው የአምላክ ስም የሆነው መጨረሻው ነው፤ የሚቀረው «እንደ … ያለ ማን ነው» የሚለው ጅምር ብቻ ነው። ሰሚው ግን ቀሪውን ያውቀው ነበር።